በሙቀት ሞቶ በብርድ የተገኘው ሰው

ሽማግሌው የሞቱት በሙቀት ነው። ሬሳቸው የተገኘው ግን ነጠላ ነገር ካልደረቡ በማይቀመጡበት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ነበር። ሐኪሙ ይህንን በወረቀቱ ላይ ካሰፈረ በኋላ ራሱ የጻፈውን ማመን አቅቶት ደግሞ አነበበው።

«ሰውነታቸው በሙቀት ነው የተጎዳው፤ በዚህ አልጠራጠርም» አለ ለመርማሪዋ። «ክፍሉ ደግሞ ማታ ስደርስ በረዶ ነበር። እኔ የማውቀውን ጽፌያለሁ፤ የቀረው ያንቺ ራስ ምታት ነው።»

መርማሪዋ ራስ ምታቱን ተቀበለች። ከተማዋ በረሃና ባሕር የተጋጠሙባት ናት። ዝናብ አታውቅም፣ አየሯ ግን እርጥብ ነው፤ በበጋ ቀትር ላይ ውጭ የቆመ ሰው ልብሱን እንደለበሰ ገላውን የታጠበ ይመስላል። እዚያ ሰው ጎረቤቱን ሲያገኝ ከጤናው በፊት ስለ ኤሲው ይጠይቃል። ኤሲው የተበላሸበት ሰው ምርጫው ሁለት ነው፤ ወይ ፈቃድ ያለውን ባለሙያ ጠርቶ ኪሱን ያራቁታል፣ ወይ ፈቃድ የሌለውን ጠርቶ ከሕግ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል። ድሃ ሁለተኛውን ይመርጣል፤ መምረጥ ከተባለ ማለቴ ነው።

ሟቹ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግማሽ አካላቸው ሰንፎ፣ ምላሳቸው ታስሮ አልጋ ላይ ቀርተዋል። የሚታዘዛቸው ቀኝ እጃቸው ብቻ ነበር፤ በዚያ እጅ የኤሲውን ሪሞት እንደጨበጡ ነው የሞቱት። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ቁጥሩን አየች። ከዚያ በታች የማይወርድበት ላይ ደርሷል።

«እዚያ ላይ አድርጌው አላውቅም» አለች ልጃቸው። የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበት ቤት የምትሠራ፣ ጣቶቿ በመርፌ የተበሳሱ ሴት ናት። «አባዬ ብርድ አይወድም። መካከል ላይ አድርጌለት ነው ጠዋት የወጣሁት። ራሱ ነው ያወረደው።»

«አንቺ ስትወጪ ማን አብሯቸው ይሆናል?»

«ማንም። በምሳ ሰዓት ባሌ ከቢሮው ብቅ ብሎ ውሃ ይሰጠዋል፣ ያገላብጠዋል። ትናንት ግን የቁጥጥር ዘመቻ ነበረባቸው፤ አልመጣም። ባውቅ ኖሮ እኔ አልመጣም ነበር? ሥራዬንስ ጥዬ አልመጣም ነበር?»

«ስልክ አልደወለልሽም?»

«በዘመቻ ቀን አለቆቻቸው ስልካቸውን ይሰበስቡባቸዋል፤ ሰው እንዳያስጠነቅቁ።»

መርማሪዋ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከኤሲው የወረደች ቀጭን ቱቦ ጫፏ ባልዲ ውስጥ ተቀምጣለች። ባልዲው ታች አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ አለ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኤሲው የሚያንጠባጥበው ነው። ጠዋት ደፍቼው እሄዳለሁ፤ ማታ ስመጣ ሞልቶ ይፈሳል። ወለል እወለውልበታለሁ።»

«ትናንት ጠዋት ደፍተሽው ነበር?»

«ደፍቼዋለሁ።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«ከዚያ ወዲህ…» አለችና እንባዋ ቀደማት። «ከዚያ ወዲህ ማን ወለል ያያል፣ እትዬ! ኤሲውንም ማታ አባዬን እንዳገኘሁት ነቅዬዋለሁ።»

መርማሪዋ ባልዲውን ማንም እንዳይነካው አዘዘች። ከዚያ ጎረቤት ያለችውን ሴት ጠየቀቻት። ጎረቤቲቱ የሰማችው ነገር ቢኖር የሽማግሌውን ሬዲዮ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲለፈልፍ ውሎ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይቋረጥ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ልታስተኛው የነበረውን ሕፃን እንቅልፍ ነስቶባታል። እንግዲህ መብራት አልጠፋም። ኤሲው በመብራት እየሠራ፣ እየነፈሰ፣ ሳያቀዘቅዝ ውሏል ማለት ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ሐሳቡን ቀይሮ ማቀዝቀዝ ጀምሯል።

ጣቢያ ስትደርስ አለቃዋ ጉዳዩን ጨርሶት ቆያት። ከትናንት በስቲያ ያንን ኤሲ የጠገነው ሰው ተይዟል። ሰፈርተኛው ብርዱ እያለ ይጠራዋል፤ የቤተሰብ ስሙን የሚያውቅለት የለም፣ ያለ እሱ ግን ከሰፈሩ ግማሹ ተቀቅሎ ያልቅ ነበር። ፈቃድ የለውም።

«ፈቃድ የለውም፣ ማሽኑን ነክቷል፣ ሰው ሞቷል» አለ አለቃዋ በጣቱ እየቆጠረ። «ነገ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ሰው በመግደል ነው። ያለ ፈቃድ የሚሠሩትን የማደኑ ዘመቻ ላይ ነን፤ ከላይም ይጠይቁናል።»

«ማሽኑኮ አሁንም ይሠራል፣ ጌታዬ።»

«ባለሙያ ጠይቄያለሁ። ያልተማረ ሰው የነካው ማሽን ሲያሻው ይተኛል፣ ሲያሻው ይነሳል ብሎኛል።»

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። መርማሪዋ አለቃዋን ታውቀዋለች፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ከላይ ስልክ ሲጮህ ከወንበሩ ይነሳል። እስከ ነገ ጊዜ ስጠኝ አለችው። ሰጣት፤ እስከ ነገ ብቻ።

ብርዱ እስር ክፍሉ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቁጢጥ ብሏል። ጎልማሳ ነው፤ ክንዶቹ በብየዳ ጠባሳ የተዥጎረጎሩ።

«እትዬ፣ እኔ አልገደልኳቸውም» አለ ገና ከመቀመጧ። «ጋዙ ቀንሶ ነበር፤ የሚያፈስበትን ቦታ ዘግቼ ሞላሁት። ስወጣ ሽማግሌው በእጃቸው ባረኩኝ። ምላሳቸው አይናገርም፤ እጃቸው ግን ይናገር ነበር።»

«አንተ ወንድሜ፣ አንድ ነገር አስረዳኝ። ኤሲ እየነፈሰ ቅዝቃዜ የሚያጣው መቼ ነው?»

«ጋዝ ሲያጣ።»

«ጋዙ ፈሶ ካለቀ በኋላ ራሱ ተመልሶ ይመጣል?»

ብርዱ ባለበት ሁኔታ እንኳ ሳቁ አመለጠው። «የጠፋ በግ ነው እንዴ ተመልሶ የሚመጣው? የፈሰሰ ፈሰሰ! ተመልሶ የሚመጣው ካልፈሰሰ ነው፤ ሰው ካገደው። ጣሪያ ላይ ያለው ማሽን ጎን ሁለት መዝጊያዎች አሉ፤ በክዳን ተሸፍነዋል። ክዳኑን ፈትተው በትንሽ ቁልፍ ካጠበቋቸው ጋዙ ውጭ ይታሰራል፤ ቤት ውስጥ ባዶ አየር ነው የሚነፍሰው። መልሰው ሲከፍቱት ያቀዘቅዛል።»

«ፈቃድ ለምን አላወጣህም?»

«ፈቃድ ለማውጣት ሱቅ ይኑርህ ይሉኛል። ሱቅ ልከራይ ስል ፈቃድህን አምጣ ይሉኛል። የፈተናው ክፍያና ማስያዣው ደግሞ ዘንድሮ ጨምሯል፤ ከነቤተሰቤ ብንሸጥም አንሞላውም። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ፣ በየትኛው በር ልግባ?»

መርማሪዋ መፍረድ ሥራዋ አልነበረም። በየትኛው በር እንደሚገባም አታውቅም፤ ይህም አናደዳት።

አለቃዋን ያማከረው ባለሙያ ሕንፃ ሙሉ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ነው። ፈቃዱን በወርቅማ ፍሬም አድርጎ ከወንበሩ ኋላ ሰቅሎታል፤ እሱን የሚያናግር ሰው ሁሉ ፈቃዱንም ሳይወድ በግድ ያያል። በከተማው ባለፈቃዱ ሲባል እሱ ነው። ሽማግሌው ቤት ከብርዱ በፊት እሱ ተጠርቶ ነበር።

«ምን አሏቸው?»

«ሙሉ በሙሉ ይቀየር አልኩ። ዋጋውንም ነገርኳቸው።»

ዋጋው ልጅቱ ግማሽ ዓመት ሳትበላ ብትሰፋ የምታገኘው ነው።

«ብርዱ ግን ጠግኖት ሠራ።»

«ሠራ? ሰው ገደለ እንጂ!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ሥራው ስላመለጥዎት አልተናደዱም?»

«እመቤቴ፣ በዚህ ሙቀት እኔን ሥራ ያመልጠኛል? ወረፋዬ እስከ በጋው መጨረሻ ነው።»

እሱ እንኳ እውነቱን ነበር። የሽማግሌው ቤት ጣሪያ ላይ አብሯት እንዲወጣ ጠየቀችው። ደረጃው ከቤቱ ውጭ ነው፣ በር የለውም፤ የፈለገ ሁሉ ይወጣል። ባለፈቃዱ እያለከለከ ወጥቶ ማሽኑ አጠገብ ቆመ። መርማሪዋ ሁለቱን የነሐስ ክዳኖች በጣቷ ሳትነካ አየቻቸው። በእያንዳንዱ ክዳን ላይ በነጭ ማርከር የተሰመረች አጭር መስመር አለች፤ መስመሯ ከክዳኑ ተነስታ ወደ መዝጊያው አካል ትወርዳለች። መዝጊያው ላይ ግን መስመሮቹ ሁለት ሁለት ናቸው። አንዱ ከክዳኑ መስመር ጋር ይገጥማል፤ ሌላው ጣት ያህል ርቆ ብቻውን ቀርቷል።

«ይሄ መስመር ምንድነው?»

«እኔ እንጃ። የልጅ ሥራ ይሆናል።»

«ባለሙያዎች አያሰምሩም?»

«በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ፤ አስምሬ አላውቅም። የሚያሰምርም አላየሁ።»

ብርዱን ስትጠይቀው ደግሞ፣ ነጭ ማርከር በእጁ ይዞ እንደማያውቅ ማለ። የመሣሪያ ከረጢቱም ተፈትሾ አልተገኘበትም።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄደች። የልጅቱ ባል እዚያ ፈታኝ ነው፤ ፈቃድ ፈላጊዎችን የሚፈትን፣ ጸጉሩን ወደ ጎን ያበጠረ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው። አማቱ ሞተውበት ቢሮ መገኘቱን አይታ አለፈችው። ቤት ለቅሶ ተቀምጦ የሚስቱን ፊት ከማየት ቢሮ እንደሚሻለው ኋላ ነው የገባት።

«ለዚያ ሰው ፈቃድ ማጣት ማረጋገጫ እንድትጽፉልኝ ነው» አለችው።

«እጽፍልዎታለሁ። እኔኮ ለባለቤቴ ነግሬያት ነበር። የፈቃድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ቤት ፈቃድ የሌለው ሰው ይግባ? ሳትነግረኝ አስገባችው። ከትናንት በስቲያ ማታ ስገባ ክፍሉ ቀዝቅዞ አገኘሁት፤ ያኔ ነው ያወቅኩት።»

ጥግ ላይ የመፈተኛ ኤሲ ቆሟል። መርማሪዋ ዙሪያውን እየዞረች አየችው፤ ክዳኖቹ ነጭ መስመር በነጭ መስመር ሆነዋል።

«ይሄ ጌጥ ነው?»

ፈታኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ፈካ። ሥራውን ይወዳል፤ ይህን ማየት ራሱ ያሳዝናል። «ዘንድሮ የጀመርነው አሠራር ነው። ተፈታኙ ክዳኑን ካጠበቀ በኋላ ከክዳኑ እስከ መዝጊያው መስመር ያሰምራል። ክዳኑ ከተነካ መስመሩ ይሳሳታል፤ በዓይን ብቻ ይታወቃል። እኔ ነኝ ያመጣሁት።»

«ጎበዝ! ስንት ሰው ተፈተነበት?»

«እስካሁን ማንም አልመጣም። ክፍያው ስለጨመረ ይመስለኛል። ተፈታኝ እስኪመጣ እኔ ራሴ በየቀኑ እለማመደዋለሁ፤ ለማሳየት እጅ መልመድ አለበት።»

ሸሚዙ ኪስ ላይ ነጭ ማርከር ተሰክቷል። መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ወደ መኪናዋ ስትሄድ ደስ አላላትም። ጥፋተኛው ባለፈቃዱ ሆኖ ቢሆን ደስ ይላት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም እንደሷ ነኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በሽማግሌው ክፍል ተሰበሰቡ። ልጅቱ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ባሏ አጠገቧ ቆመ። ባለፈቃዱ ወንበር ያዘ። ብርዱ በካቴና በሩ ጋ ነው። አለቃዋ ሰዓቱን እያየ «ቶሎ በይ» አላት።

«ቶሎ እላለሁ» አለች መርማሪዋ። «ሐኪሙ በሙቀት ሞቱ አለ፤ ክፍሉ ግን ቀዝቃዛ ነው። ሐኪሙን ከመጠርጠሬ በፊት ባልዲውን አየሁ። ኤሲ ቀኑን ሙሉ ካቀዘቀዘ ባልዲው ይሞላል፤ የተገኘው ግን አንድ ብርጭቆ የማይሞላ ነው። እንግዲህ ኤሲው ያቀዘቀዘው አመሻሽ ላይ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አባታችን ሪሞቱን እስከ መጨረሻው ያወረዱትም ብርድ ስለፈለጉ ሳይሆን ሙቀቱ ስለገደላቸው ነው።»

ልጅቱ ፊቷን ሸፈነች።

«መብራት ጠፍቶ ነው እንዳንል ሬዲዮው አልተቋረጠም። ጋዙ ፈሶ ነው እንዳንል የፈሰሰ አይመለስም፤ ይሄው ሲሰካ አሁንም ያቀዘቅዛል። ስለዚህ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጋዙን ዘጋው፤ ኋላም ተመልሶ ከፈተው።»

«ይሄው ሰውዬው!» አለ ባለፈቃዱ ወደ ብርዱ እየጠቆመ።

«እጅዎን ይሰብስቡ። የዘጋው ሰው ክዳኑን ሲመልስ ነጭ መስመር አሰመረ። ሲከፍተው ደግሞ ክዳኑ ትንሽ ዞሮ ገጠመና መስመሩ ተሳሳተ፤ ከክዳኑ መስመር ወደ መዝጊያው ሌላ አሰመረ። ሁለት ጊዜ ስለተነካ ሁለት መስመር። ብርዱ አያሰምርም። ባለፈቃዱ ጋሼም አያሰምሩም፤ ራሳቸው ነግረውኛል። አሠራሩ የመጣው ዘንድሮ ነው፤ እስካሁን የተፈተነበት ሰው የለም። በዚህች ከተማ ያንን መስመር የሚያሰምር አንድ እጅ ብቻ ነው ያለው። እጅ የለመደውን ይሠራል፤ ባለቤቱን አያማክርም።»

ፈታኙ ሳያውቀው የሸሚዝ ኪሱን ያዘ።

«እኔ ቀኑን ሙሉ ከተቆጣጣሪዎቹ ጋር መኪና ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ሁሉም ይመሰክራሉ።»

«መስክረዋል። ጠዋት መኪናው አንተን ጠብቆ ዘግይቶ ነው የተነሳው።» አንቱታው እዚህ ላይ ቀረ። «የመጨረሻው ተረኛ የእናንተ መንገድ ነበር፤ ሥራው ሲያልቅ አንተን እዚያው ጥሎህ ሄደ። ሹፌሩ ነግሮኛል።»

«ለምን ይዘጋዋል?» አለ አለቃዋ።

«ተቆጣጣሪዎቹ ጣሪያ ይወጣሉ፣ ቧንቧውን በመዳፋቸው ይነካሉ። ከቀዘቀዘ ማሽኑ ይሠራል ማለት ነው፤ የሚሠራ ማሽን ባለፈቃድ ባለሙያ የሚለጥፈው ምልክት ከሌለው ማሽኑ ይወረሳል፣ ባለቤቱ ይቀጣል፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰው ከሆነ ይባረራል። ቢያጠፋው ኖሮ አስነስተው ይነኩት ነበር። ጋዙ ከተዘጋ ግን ሙት ማሽን ነው፤ ለሙት ማሽን ምልክት አይጠየቅም። ነክተው አለፉ።»

ፈታኙ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

«በመጀመሪያ እኛ መንገድ እንመጣለን ብለው ነበር» አለ። «ግማሽ ሰዓት ነው ብዬ ነው። ከዚያ መንገዱን ቀየሩት። ስልክ የለኝ። አሁን ይደርሳል፣ አሁን ይደርሳል እያልኩ… በምሳም አለቀቁንም።»

«አማቴ ቤት ሙቀት ላይ ናቸው፣ አቁሙ ማለት አይቻልም ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ለምን ብለው ቢጠይቁኝስ?»

ይሄው ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱ ግን የጣለው የሚስቱን አባት ነው።

ልጅቱ እጇን ከፊቷ አወረደች። «ተቆጣጣሪዎቹ ጣሪያችን ላይ ሲወጡ አንተ የት ነበርክ?»

ባሏ ፊቱን ወደ በሩ መለሰ።

«የት ነበርክ?»

«በር ላይ» አለ።

«በር ላይ ቆመህ አልገባህም?»

«ሰዎቹ ያዩኝ ነበር።» አለቀሰ። «ከሄዱ በኋላ ከፈትኩት። በመስኮት አየኋቸው፤ የተኙ መስሎኝ ነበር። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው። ከዚያ ብርዱ ሲያዝ… ዝም አልኩ።»

ብርዱ በሩ ጋ ሆኖ ካቴናውን አየ እንጂ አልሰደበውም። ባለፈቃዱ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈና ቀጠሮ እንዳለበት ተናገረ።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ሁላችንም ደስ ይለን ነበር። መርማሪዋ ያን ቀን ሕጉን ከአለቃዋ ጋር ቁጭ ብላ አነበበችው፤ ካነበበችም በኋላ እንዳላነበበች መሆንን ተመኘች። ፈታኙ የተከሰሰው በቸልተኝነት ነው። ቋሚ ሥራ አለው፣ ወንጀል የለበትም፤ ባልደረቦቹ ተሰብስበው ዋስ ሆኑትና ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ሄደ። ብርዱ ከግድያው ነጻ ነው። ግን ያለ ፈቃድ ጋዝ ነክቷል፤ ዘመቻው ደግሞ ለዚያ ያወጣው ቅጣት ከፈታኙ ቅጣት ይከብዳል።

«ልቀቀው፣ ጌታዬ» አለች አለቃዋን።

«ከሞቱ ነጻ ነው፤ ከፈቃዱ ነጻ አይደለም። እኔ ነኝ እንዴ ሕጉን የጻፍኩት?»

አመሻሽ ላይ ልጅቱ ጣቢያ መጣች። ለዋስትና ያባቷን ቤት ካርታ ይዛለች። ተረኛው ፖሊስ ተቀብሎ አገላበጠው።

«ለባልሽ ከሆነ እሱ ወጥቷል።»

«ለብርዱ ነው» አለች። «እኔ ጠርቼው ነው የመጣው። በልመና ነው የመጣው እኮ፤ አባዬን አይቶ አዝኖ ነው።»

ፖሊሱ መርማሪዋን አየ፤ መርማሪዋ ወለሉን አየች። ያለ ፈቃድ በመሥራት ለተያዘ ሰው ዋስ መሆን የሚችለው በዚያው ሙያ ፈቃድ ያለው ብቻ ነው። ቤትም ወርቅም አይተካውም። መርማሪዋ ባለፈቃዱ ጋ ደወለች፤ ድምፁ ሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«ለእሱ ፈርሜ ነገ ምን ልባል?» አለ ባለፈቃዱ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ።» ዘጋው።

ብርዱ ከውስጥ ሆኖ ሰምቷል። «እትዬ፣ ይተዉት» አለ። «እሷንም አታድክሟት፤ ሐዘንተኛ ናት።»

ልጅቱ ካርታውን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰዓት አለፈ። ተረኛው ተቀየረ። አልተነሳችም።

«እህቴ፣ መሽቷል» አለቻት መርማሪዋ። «በይ ቤትሽ ግቢ።»

ልጅቱ ቀና ብላ አየቻት። «የት ቤት?» አለች።

መርማሪዋ አጠገቧ ተቀመጠች።